የማስታወቂያ ሰሌዳ በብሩሽና በቀለም እንዴት ይጻፋል?



ፊደል ቆጥራችኋል። ስማችሁን ትጽፋላችሁ፣ ደረሰኝ ታነባላችሁ፣ የሚዛን ቁጥር ታያላችሁ። እሰየው ነው! ነገር ግን እስካሁን የጻፋችሁት በደብተር ላይ ነው። ደብተር ላይ የተጻፈውን የሚያየው ጸሐፊውና አስተማሪው ብቻ ነው። ሰሌዳ ላይ የተጻፈውን ግን እረኛውም፣ ገበያተኛውም፣ ከሩቅ አገር የመጣው መንገደኛም ያየዋል። ስለዚህ በዛሬው ትምህርታችን ከደብተር ወጥተን ወደ ሰሌዳ እንሄዳለን። እርሳሱን አስቀምጠን ብሩሽ እንይዛለን።

ለምን ይጠቅመናል?

በአንድ ቀበሌ ውስጥ የሚጻፈው ነገር ስንት ነው! ወፍጮ ቤቱ አለ፣ የኅብረት ሥራ ማኅበሩ ሱቅ አለ፣ ጤና ኬላው አለ፣ የማዳበሪያውና የዘሩ መጋዘን አለ፣ ምንጩና ጉድጓዱ አለ። ለእያንዳንዱ ሰሌዳ ከተማ ድረስ ሄዶ ገንዘብ መክፈል ለምን ያስፈልጋል? ከመካከላችን ሁለት ወይም ሦስት ሰው ሙያውን ቢይዝ ይበቃል። ደግሞም ነገሩ የገንዘብ ብቻ አይደለም። ሰሌዳ ሕይወት ያድናል፤ ጉድለቱም ሕይወት ያጠፋል። አንድ እውነተኛ ታሪክ ስሙ።

በ1964 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ከ1971 ማብቂያ እስከ 1972) በኢራቅ አገር ለገበሬዎች የስንዴና የገብስ ዘር ታደለ። ዘሩ ሻጋታ እንዳይበላው ሜርኩሪ ባለበት መርዝ የታሸ ነበር። የመጣው ለመዝራት እንጂ ለመብላት አልነበረም። በከረጢቱ ላይ ማስጠንቀቂያ ተጽፎ ነበር፤ የተጻፈው ግን በእስፓኝ ቋንቋና በእንግሊዝኛ ነበር። ገበሬው ደግሞ የሚናገረው ዓረብኛና ኩርድኛ ነው። የራስ ቅል ሥዕሉንም ብዙዎች ምን ማለት እንደሆነ አላወቁትም። መርዝ መሆኑ እንዲታወቅ ዘሩ ቀይ ቀለም ተነክሮ ነበር። ሰዎች አጠቡት፤ ቀለሙ ለቀቀ፤ መርዙም አብሮ የለቀቀ መሰላቸው። መርዙ ግን አልለቀቀም። ፈጭተው ጋገሩት፣ በሉት። በሆስፒታል የተመዘገቡት ብቻ 6,530 ሰዎች ታመሙ፤ ከእነዚህም 459 ሞቱ።

ከዚህ ምን እንማራለን? አንደኛ፣ ማስጠንቀቂያ የሚጻፈው ሰው በሚያነበው ቋንቋ ነው። ሁለተኛ፣ ሥዕል ብቻውን አይበቃም፣ ጽሕፈትም ብቻውን አይበቃም፤ ሁለቱም ይኑሩ፣ በቃልም ይነገር። ሦስተኛ፣ ጽሕፈቱ ከሩቅ የሚታይና የማያሳስት መሆን አለበት። የዛሬው ትምህርታችን በተለይ ስለዚህ ስለ ሦስተኛው ነው።

በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች ትምህርት ሲሰጥ ሁሉም የተጻፈው በእኛው በግዕዝ ፊደል ነበር። ዛሬ ኦሮምኛን ጨምሮ በርካታ ቋንቋዎች በላቲን ፊደል ይጻፋሉ። ስለዚህ በአካባቢያችሁ ሁለት ቋንቋ የሚነገር ከሆነ ማስጠንቀቂያውን በሁለቱም ጻፉት። የጎረቤታችን ልጅም ከዚያው ጉድጓድ ይጠጣል፣ አይደለም እንዴ?

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

1ኛ/ ሰሌዳ፦ ለጥ ያለ ላሜራ ወይም የተላገ ጣውላ። ሞገድ ያለው የጣሪያ ቆርቆሮ ጥሩ አይደለም፤ ፊደሉን ይሰብረዋል።
2ኛ/ ሁለት ጠፍጣፋ ብሩሽ፦ አንዱ ስፋቱ 2.5 ሳንቲ ሜትር፣ ሌላው 1 ሳንቲ ሜትር።
3ኛ/ የዘይት ቀለም፣ ማቅጠኛ አኳራጅ፣ ለብረት ደግሞ የዝገት መከላከያ ቀለም።
4ኛ/ የብርጭቆ ወረቀት፣ የሽቦ ብሩሽ፣ ጨርቅ።
5ኛ/ ሜትር፣ ጠመኔ፣ ሲባጎ፣ እርሳስ፣ ቀጥ ያለ ማስመሪያ እንጨት።
6ኛ/ የእጅ ማሳረፊያ፦ አንድ ሜትር ያህል የሆነ ቀጭን ዱላ፤ ጫፉ ላይ ጨርቅ ይጠቀለልበታል።

ይህ ሁሉ እስኪገኝ እጅ አይፈታም። ለልምምድ ብሩሹን ውሃ ነክራችሁ በደረቅ ለስላሳ ድንጋይ ላይ ጻፉ። ውሃው ሲደርቅ ድንጋዩ እንደገና ባዶ ሰሌዳ ይሆናል። አንድ ጠብታ ቀለም ሳታባክኑ መቶ ጊዜ መጻፍ ትችላላችሁ።

ሰሌዳውን ማዘጋጀት

ያልታረሰ መሬት ዘር አይቀበልም፤ ያልተዘጋጀ ሰሌዳም ቀለም አይቀበልም። ላሜራው ዝገት ካለበት በሽቦ ብሩሽ ይፈተጋል፣ አቧራው ይጠረጋል፣ የዝገት መከላከያ ቀለም ይቀባል። አዲስና የሚያብረቀርቅ ቆርቆሮ ደግሞ ቀለም አይዝም፤ በሳሙና አጥባችሁ፣ አድርቃችሁ፣ በብርጭቆ ወረቀት አሻክሩት። ጣውላ ከሆነ ስንጥቁ በስቱኮ ይደፈናል፣ ሲደርቅ ይፈተጋል። ከዚያ የመደቡ ቀለም ሁለት ጊዜ ይቀባል። በአንደኛውና በሁለተኛው መካከል ቢያንስ አንድ ቀን ይደር። ጀርባውንና ጠርዙን መቀባት አትርሱ፤ ዝገትም ሆነ ብስባሴ የሚጀምረው ከዚያ ነው።

ጥንቃቄ፦ አሮጌ ቀለም ያለበት ሰሌዳ ሲታደስ በደረቁ አትፈትጉት። በቀድሞ ቀለሞች ውስጥ እርሳስ የሚባለው መርዛማ ማዕድን ሊኖር ይችላል፤ ብናኙ ሕፃናትን ይጎዳል። በውሃ እያራሳችሁ ፈትጉት፤ ልጆችን አርቁ።

ቃሉን መምረጥ

ሰሌዳ ደብዳቤ አይደለም። መንገደኛ ቆሞ አያነብም፣ እየሄደ ነው የሚያነበው። «ይህንን ውሃ መጠጣት ለጤና ጎጂ መሆኑን እናስታውቃለን» ከማለት «ይህ ውሃ አይጠጣም» ማለት ይሻላል። በሦስት ቃል አለቀ!

አሁን አንድ ነገር ልብ በሉ። በአማርኛችን የመከልከሉ ምልክት ያለው በቃሉ መጀመሪያ ነው። «አትጠጡ» ከሚለው ላይ «አ» ብትጠፋ «ትጠጡ» ይሆናል። «አይበላም» ከሚለው ላይ «አይ» ቢፋቅ የሚቀረው «በላም» ነው። የሰሌዳ ጠርዝ ደግሞ ዝናብ የሚመታው፣ ከብት የሚታከክበት፣ ቀድሞ የሚዝግ ቦታ ነው። ስለዚህ ሕጉ እንዲህ ነው፦

ሀ/ ከግራና ከቀኝ ጠርዝ ቢያንስ 10 ሳንቲ ሜትር ባዶ ይተው።
ለ/ የሚከለክለው ቃል ለሁለት ተሰብሮ በሁለት መስመር አይጻፍ። «አይ» ላይ፣ «ጠጣም» ታች ከሆነ ታችኛውን ብቻ የሚያይ ሰው አለ።
ሐ/ በየዓመቱ ሰሌዳው ሲታይ በመጀመሪያ የሚታየው ይህ የፊተኛው ፊደል ይሁን።

ሌላው የሞክሼ ፊደላት ነገር ነው። ሀ፣ ሐ፣ ኀ፤ ሰ፣ ሠ፤ አ፣ ዐ፤ ጸ፣ ፀ ድምፃቸው አንድ ነው። በየትኛው እንደምትጽፉ ብሩሽ ከመንከራችሁ በፊት ወስኑ። በአንዱ ሰሌዳ በአንዱ፣ በሌላው በሌላው አታድርጉት፤ አዲስ አንባቢ ግራ ይገባዋል።

ልኬቱ

ፊደሉ ምን ያህል ይተልቅ? ሰሌዳ ጸሐፊዎች የሚሠሩበት ቀላል መለኪያ አለ፤ ለየ3 ሜትሩ ርቀት የፊደሉ ቁመት 2.5 ሳንቲ ሜትር ይሁን። ከ12 ሜትር እንዲነበብ የፈለጋችሁት 10 ሳንቲ ሜትር፣ ከ30 ሜትር እንዲነበብ የፈለጋችሁት 25 ሳንቲ ሜትር ይሆናል ማለት ነው።

እስቲ «ይህ ውሃ አይጠጣም» የሚለውን አብረን እንለካ። ሰሌዳችን ስፋቱ 120፣ ቁመቱ 60 ሳንቲ ሜትር ነው እንበል። በሁለት መስመር እንጽፈዋለን፤ ከላይ «ይህ ውሃ»፣ ከታች «አይጠጣም»።

ቁመቱ፦ ከላይ 10 ባዶ፣ አንደኛ መስመር 15፣ መካከል 10 ባዶ፣ ሁለተኛ መስመር 15፣ ከታች 10 ባዶ። ድምሩ 60። ፊደሉ 15 ሳንቲ ሜትር ስለሆነ ከ18 ሜትር ርቀት በደንብ ይነበባል። እንስራ የተሸከመች እናት ጉድጓዱ አፍ ሳትደርስ ታየዋለች።

ስፋቱ፦ ከ120 ላይ ግራና ቀኝ 10፣ 10 ሲቀነስ 100 ይቀራል። «አይጠጣም» አምስት ፊደል ነው። 100 ለ5 ሲካፈል 20። «ይህ ውሃ» አራት ፊደልና አንድ ክፍተት ስለሆነ እሱም አምስት ቦታ፣ ለየቦታው 20 ነው።

ይህ ግን መነሻ ነው እንጂ መድረሻ አይደለም። ፊደል ሁሉ እኩል ወገብ የለውም። ጠ እና ጣ ሦስት ሦስት እግር ስላላቸው ሰፊ ቦታ ይፈልጋሉ፤ ይ ቀጭን ናት። ስለዚህ ለአ 20፣ ለይ 16፣ ለጠ 22፣ ለጣ 22፣ ለም 20 ስጡ። ድምሩ ያው 100 ነው። ከወፍራሙ ጎረቤት ቀጭኑ ቦታ ያበድረዋል በሉት።

መስመር ማስመር

የብራና ጸሐፊዎች አንድ ፊደል ከመጻፋቸው በፊት በብራናው ጠርዝ ላይ በወስፌ ነጥብ ነጥብ ይወጋሉ፤ ከነጥብ ወደ ነጥብም ቀለም በሌለው ደነዝ ብረት መስመር ያሰምራሉ። መስመር ሳይኖር ቁም ጽሕፈት የለም። እኛም እንደነሱ እናድርግ።

በሰሌዳው ግራና ቀኝ በሜትር ለክታችሁ ነጥብ አድርጉ። ሲባጎውን ጠመኔ አልብሱት፤ ሁለት ሰው ግራና ቀኝ ወጥሮ ይያዝ፤ መካከሉን ሳብ አድርጋችሁ ልቀቁት። ጧ! ሲል ቀጥ ያለ መስመር ያትማል። ለእያንዳንዱ የጽሕፈት መስመር ሁለት መስመር ያስፈልጋል፤ አንዱ ፊደሉ ራሱን የሚያስነካበት፣ ሌላው እግሩ የሚረግጥበት። ግድግዳ ላይ የምትጽፉ ከሆነ ግድግዳው ራሱ ሊያዘም ስለሚችል መስመሩን በውሃ ልክ አረጋግጡ።

ከዚያ ፊደሉን በእርሳስ ወይም በጠመኔ በስሱ ንደፉ። ነድፋችሁ ስትጨርሱ ወደ ኋላ 18 ሜትር ሄዳችሁ ተመልከቱ። ሌላ ሰውም ጠርታችሁ አስነብቡ። ይህች ትንሽ ሥራ ናት፤ ግን ቀለም ከተቀባ በኋላ ከማልቀስ ታድናለች።

የፊደሉ እግርና ክንድ

ፊደላችን ሰባት ቤት አለው፦ ግዕዝ፣ ካዕብ፣ ሣልስ፣ ራብዕ፣ ኃምስ፣ ሳድስ፣ ሳብዕ። በደብተር ላይ በጥቂቱ የሚለያዩት እነዚህ ቤቶች ከሩቅ ሲታዩ ይመሳሰላሉ። ስለዚህ በሰሌዳ ላይ ልዩነታቸው ጎላ ብሎ መታየት አለበት። በ የሚለውን ፊደል እንውሰድ።

ቡ፦ ምልክቷ በቀኝ በኩል በወገቡ ላይ ናት።
ቢ፦ ምልክቷ በቀኝ እግሩ ጫፍ ላይ ናት።
ባ፦ ቀኝ እግሩ መስመሩን ይረግጣል፣ ግራው አጥሮ ይቀራል።
ቤ፦ በቀኝ እግሩ ላይ ቀለበት አለች።
ቦ፦ የባ ተቃራኒ ነው፤ ግራው ይረግጣል፣ ቀኙ ያጥራል።

በቡ እና በቢ መካከል ያለው ልዩነት አንዲት ጭረት ያለችበት ቦታ ብቻ ነው። ጭረቷን ወደ መሐል ብታንሸራትቷት «ግቡ» የሚለው «ግቢ» ይመስላል። ስለዚህ የካዕብን ጭረት ከወገብ ዝቅ አታድርጓት፤ የሣልስን ጭረት ከእግር ጫፍ ከፍ አታድርጓት። በራብዕ ላይ ደግሞ የሚያጥረው እግር የምር ይጠር፤ ከፊደሉ ቁመት ሩብ ያህል ይቆረጥ። በጥቂቱ ብቻ ካጠረ በሩቅ ለሚያየው ሰው «ባላ» የሚለው «በላ» ይሆንበታል። አንዱ ቤት የሚደግፍ እንጨት ነው፣ ሌላው የእህል ነገር ነው!

ቀለበቶቹን ጠባብ አታድርጉ። ቀለም ሲወፍር ቀዳዳዋ ትደፈንና ቀለበቷ ጉብ ያለች ነጥብ ትመስላለች። ቀዳዳዋ ቢያንስ የጣት ጫፍ ታስገባ።

ብሩሽ አያያዝ

ቀለሙ እንደ ማር ከከበደ ይጎተታል፤ እንደ ውሃ ከቀጠነ ይንጠባጠባል። እንደ ቀለጠ ቅቤ ሲሆን ልኩ ነው። አኳራጁን በጥቂት በጥቂቱ ጨምሩ፤ መጨመር እንጂ መቀነስ አይቻልም።

ብሩሹን እስከ ጠጉሩ እኩሌታ ብቻ ንከሩ። ሁለቱንም ገጽ በጣሳው ከንፈር ላይ ጥረጉ። ዱላውን በግራ እጃችሁ ይዛችሁ በጨርቅ የተጠቀለለውን ጫፍ ከጽሕፈቱ ውጭ ሰሌዳው ላይ አሳርፉ፤ የቀኝ እጃችሁን አንጓ በዱላው ላይ አስደግፉ። አሁን እጅ አይንቀጠቀጥም።

ጠፍጣፋው ብሩሽ አፉ አግድም ሆኖ ወደ ታች ሲሳብ ወፍራም መስመር ያወጣል፤ ሳይዞር ወደ ጎን ሲሳብ ቀጭን ያወጣል። የመቃ ብርዕም ጠባይ ይኸው ነው። በፊደላችን እግሩ ወፍራም፣ አግዳሚው ቀጭን ሆኖ የሚያምረውም በዚህ ነው። የእግሩ ውፍረት ከቁመቱ አምስተኛ ወይም ስድስተኛ እጅ ይሁን። ለ15 ሳንቲ ሜትር ፊደል 2.5 ሳንቲ ሜትር ብሩሽ ልክ ነው፤ አንድ ጊዜ ስቦ መጨረስ ይቻላል።

ብሩሽ ይሳባል እንጂ አይገፋም። ከላይ ወደ ታች፣ ከግራ ወደ ቀኝ ሳቡ። የመ እና የም ክቦች ባንድ ዙር አይሠሩም፤ ከላይ ተነሥታችሁ ግራውን ግማሽ፣ እንደገና ከላይ ተነሥታችሁ ቀኙን ግማሽ ሳቡ። ሲስቡ ዓይን ብሩሹን ሳይሆን የሚደርስበትን ቦታ ይይ። ፈር የሚያወጣ ገበሬ የማረሻውን ጫፍ አያይም፤ ዳር ያለውን ምልክት ነው የሚያየው። ይህንን ለእናንተ ማስተማር ለቀባሪ ማርዳት ነው።

ግራኝ የሆነ ሰው አይቸገር። ንድፉ አስቀድሞ ስለተሠራ ቀለሙን ከቀኝ ወደ ግራ እየቀባ ቢመጣ እጁ እርጥቡን ፊደል አይዳብሰውም።

የምትሠሩበት ጊዜ ጤዛው ከደረቀ በኋላ ጠዋት ይሁን። በቀትር ፀሐይ ቀለሙ በብሩሹ ላይ ይደርቃል። ደመና ካጠላም ለሌላ ቀን አቆዩት።

የትኛው ቀለም?

በነጭ ወይም በቢጫ መደብ ላይ ጥቁር ጽሕፈት ከሁሉ ይበልጥ ይነበባል። ቀይ በአረንጓዴ ላይ አይሁን፤ ሁለቱን ቀለሞች መለየት የማይችሉ ሰዎች አሉ።

ብዙ ሰው «አደጋ ከሆነ በቀይ ይጻፍ» ይላል። ቀይ ግን በፀሐይ ከጥቁር ቀድሞ የሚደበዝዝ ቀለም ነው። «መርዝ» የሚለው በቀይ፣ ሌላው በጥቁር ከተጻፈ ከጊዜ በኋላ ዋናው ቃል ጠፍቶ ተራው ቃል ይቀራል። ስለዚህ ቃሉን በጥቁር ጻፉት፤ ቀዩን ለክፈፉ አድርጉት። በብራና ላይም ዋናው ጽሕፈት የሚጻፈው ከጥቀርሻ በተሠራ ጥቁር ቀለም ነው፤ ከመቶዎች ዓመታት በኋላም ይነበባል።

ሰሌዳውን ማቆምና መንከባከብ

ሰሌዳው በሰው ዓይን ትክክል፣ ከብት በማይታከክበት ስፍራ ይቁም። ለጉድጓድ የሚሆን ከሆነ ሰው በሚመጣበት መንገድ በኩል ይሁን፤ ሁለት መንገድ ካለ ሁለት ሰሌዳ። ምስማሩ በፊደል ላይ አይመታ፤ ዝገቱ ወርዶ ፊደሉን ያበላሻል። ውሃው ታክሞ የሚጠጣ ከሆነ ደግሞ ሰሌዳው በዚያው ቀን ይነሣ። እውነት ያልሆነ ሰሌዳ ከቆየ ሰው እውነተኛውንም ማመን ይተዋል።

ለጥንቃቄ ያህል፦ ቀለምና አኳራጅ እሳት ይወዳሉ፤ ከምድጃና ከሲጋራ አርቋቸው። የተረፈውን አኳራጅ በለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ አታስቀምጡ፤ ሕፃን ሊጠጣው ይችላል። የተባይ መርዝ የነበረበትን ዕቃም ቀለም መበጥበጫ አታድርጉ። በዘይት ቀለም የራሰ ጨርቅ ተከምሮ ከዋለ በራሱ ግሎ ሊነድ ስለሚችል ዘርግታችሁ አድርቁት። ብሩሹን ወዲያው በአኳራጅ፣ ቀጥሎ በሳሙና እጠቡት፤ ጠጉሩን አስተካክላችሁ አንጠልጥሉት።

ባነር ባለበት ዘመን?

«ዛሬ በከተማ በመሣሪያ የሚታተም ባነር ሞልቶ ብሩሽ ምን ይሠራል?» የሚል አይጠፋም። ባነር ጥሩ ነው፤ ቶሎም ይደርሳል። ነገር ግን በፀሐይና በነፋስ ሲቀደድ እንደገና ከተማ ሄዶ ማሳተም ነው። የላሜራ ሰሌዳ ሲደበዝዝ ግን እዚያው ቀበሌ ያለ ሰው በአንድ ጠዋት ያድሰዋል። ጉድጓዱ ዛሬ ከተበከለ ሰሌዳው ዛሬ መቆም አለበት፤ የከተማ ቀጠሮ አይጠብቅም።

መልመጃ

1. «እህል መጋዘን» በአንድ መስመር ይጻፋል። የሰሌዳው ስፋት 180 ሳንቲ ሜትር ነው። ከግራና ከቀኝ 10፣ 10 ይተዋል። ለአንዱ ፊደል ስንት ሳንቲ ሜትር ይደርሰዋል? ከ30 ሜትር እንዲነበብስ ቁመቱ ስንት ይሁን?
2. «ግቡ» እና «ግቢ»፣ «በላ» እና «ባላ» የሚሉትን በውሃ በድንጋይ ላይ ጻፉ። 10 እርምጃ ርቆ የቆመ ሰው ይለያቸው እንደሆነ ጠይቁ።
3. በመድኃኒት ለታሸ ዘር የሚሆን ማስጠንቀቂያ በሦስት ቃል ንደፉ።

መልስ፦ 1. ሰባት ፊደልና አንድ ክፍተት ስምንት ቦታ ነው፤ 160 ለ8 ሲካፈል 20 ሳንቲ ሜትር። ቁመቱ 25 ሳንቲ ሜትር። 2. ሰውየው ካልለያቸው ጥፋቱ የዓይኑ አይደለም፤ ጭረቷንና እግሩን አስተካክላችሁ ድገሙት። 3. ለምሳሌ፦ ከላይ «መርዝ ነው»፣ ከታች «አይበላም»። ቃሉ አይሰበር፣ ጥቁር ይሁን፣ ጠርዝ አይንካ።

ድንጋዩም ውሃውም በደጃችሁ አለ። በዚህ ሳምንት ልምምዱን ጀምሩ፤ ሲቀጥልም በቀበሌያችሁ ሰሌዳ የሚያስፈልገውን አደገኛ ስፍራ ለዩና የመጀመሪያው ሥራችሁ እሱ ይሁን።